የገመድ ጎዳና፣ ቁጥር ዐሥራ ዘጠኝ

ደርባን፣ ከወደቡ ዳገቱን ሲወጡ፣
በስተግራ በኩል፣ ከመታጠፊያው ውስጡ፣
ጎማ ይጠግኑበታል ዛሬ።
በሩ ላይ ያረጀ ጎማ
እንደ ኩበት ተከምሯል።
ግን ዝናብ በጣለ ማግስት፣
ከሲሚንቶው ስንጥቅ፣ ከፍሳሹ ቀዳዳ፣
ብቅል ብቅል ይሸታል ቤቱ፣
ታጥቦ እንዳልለቀቀ ዕዳ።

ከጎማው በፊት መጋዘን ነበር፤
ለጥቂት እሑዶች ቤተ ጸሎት፤
ከዚያ በፊት አዳራሹ፣
የማዘጋጃ ቤቱ የማሽላ ቢራ፣
መስኮቱ ከቁመት በላይ፣
ጠጪ ውጭውን፣ መንገደኛ ውስጡን እንዳያይ።
የጎዳናውም ስም ተለውጧል።
የጀግና ስም ሰጥተውታል፤
ወንድ ነው።

አባቴ በቀን ኩባያ አጣቢ፣ የከተማው ቅጥር፤
እናቴ በሌሊት ጠማቂ፣ ከሕግ ዐይን ስውር።
ሕጉ እንዲህ ነበር፣ አባቴ ሲያወራው ሳይስቅ፦
«በጓሮሽ ብትጠምቂ ወንጀል ነው፣ ያስቀጣል፤
በአዳራሻችን ባልሽ ቢሰክር ግን ገቢ ያመጣል።»
ከገቢውም የፖሊሱ ደመወዝ ይከፈላል፤
ያው ፖሊስ ጓሮዋ መጥቶ በርሜሏን ይደፋል።

እናቴን ማሼዚ ይሏታል፣ በአባቷ ዘር።
በርሜሏን ቀብራ፣ በላዩ ዱባ ተክላ፣
ፖሊሱ በብረት ዘንግ መሬቱን ሲወጋ
እሷ ትኮተኩታለች፣ ጎንበስ ብላ።
አንድ ቀን ዘንጉ አገኘው።
ሲነቀል አረፋው ተከትሎት ወጣ፤
«ምድር እንደ ጉንፋናም አነጠሰች» ትል ነበር።
የፈሰሰው የእኔ የትምህርት ቤት ክፍያ፣
የእህቴ የቶኮዚሌ ጫማ።

ከዚያ በኋላ በመጣው ሐሙስ
ሴቶቹ ዳገቱን ወረዱ፤
ማቼሌ ከልብስ አጠባዋ፣ ኖማሶንቶ ልጇን አዝላ፣
የባሎቻቸውን ዱላ ይዘው፣
ባል እያየ የማያነሱትን ዱላ።
ዘበኛው «ሴት አትገባም» አለ።
ቀሚሳቸውን ገለጡለት።
ዐይኑን በሁለት እጁ ሸፈነ፤
በሩን የሚይዝ እጅ አልቀረውም።

ውስጥ ስልሳ ወንድ፣ ስልሳ ኩባያ።
አንድም አልተነሳ።
አባቴ ከገንዳው አጠገብ ቆሟል፣
እጁ እስከ ክርኑ አረፋ ለብሶ።
ተያዩ።
እዚህ ላይ ሁለቱም ወሬውን ያቋርጣሉ፤
እሷ «ከዚያማ ምን አለ፣ ሄድን» ትላለች፤
እሱ ያስለዋል።

ቀሪውን የነገረኝ ዘበኛው ነው፣ ከሸመገለ ወዲያ።
አልመታችውም።
ካጠበው ኩባያ አንዱን አንስታ ቀዳች፣
ቀመሰች፣ እንደ ጠማቂ፣
ምላሷን ከላንቃዋ አጣብቃ።
«ውሃ» አለች።
«ብቅሉ በወጉ አልበቀለ፣ ጥንስሱም አልፈላ፤
የኔን የምትደፉት ይህን ልትሸጡ ነው?»
ደፋችው፣
ቀስ አድርጋ፣ እግሩ ሥር።
ዱላው የተነሳው ከዚያ በኋላ ነው።
ቢራው ደረጃውን ወርዶ፣ በገመድ ጎዳና ጎረፈ፤
ባለሱቁ ፔሩማል ጫማውን አውልቆ፣ ሱሪውን ሰብስቦ አለፈ፤
ውሾች ጠጥተው ግድግዳ ተደገፉ።

እናቴ ሦስት ወር ታሰረች።
አባቴን «የማን ባል ነህ?» አሉት፣
መለሰ፣ ተባረረ።
አዳራሹ በሽቦ ታጥሮ እንደገና ተከፈተ፤
እሱ ግን በዚያ በኩል አላለፈም፤
ዱባውን ኮተኮተ።

በተፈታች ዕለት
ከቤቱ ጥግ በርሜል አየች፣ በከረጢት የተሸፈነ።
አርባ ዓመት ሙሉ ኩባያ ይጠብ እንጂ፣
ጠምቆ አያውቅም።
አባቴ ቀዳላት፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፤
እኔና ቶኮዚሌ በር ላይ ቆመናል።
ቀመሰች፣
ምላሷን ከላንቃዋ አጣብቃ።
«ውሃ» አለች።
ከዚያ ቁጭ ብላ፣ ጫማዋንም ሳታወልቅ፣
እስከ አተላው ጠጣችው።